በሐበሻ ነው በፈረንጅ? ከኦፕሬሽን ክፍል የደረሱን ጥያቄዎች

የዚህ እትም ጥያቄዎች ሁሉ ስለ ኦፕሬሽን ክፍል ናቸው። የጻፉልን እዚያው የሚሠሩ ባለሙያዎችና ቤተሰባቸውን ለቀዶ ሕክምና ያስገቡ ሰዎች ናቸው። ረዘም ያሉትን ደብዳቤዎች አሳጥረናል፤ የተቋማቱን ስም ሆን ብለን ትተነዋል።

ቼክሊስቱ ሙሉ ነው፤ ቁስሉ ግን ያመረቅዛል

«የኦፕሬሽን ክፍል አስተባባሪ ነርስ ነኝ። የቀዶ ሕክምና ደህንነት ቼክሊስት (የጥንቃቄ ነጥቦች ማረጋገጫ ወረቀት) በእያንዳንዱ ታካሚ ቻርት ውስጥ አለ። የጥራት ክፍሉ በየወሩ ሲቆጥር 100 በመቶ ተሞልቶ ያገኘዋል። የሚያመረቅዘው ቁስል ግን አልቀነሰም። አሁን ደግሞ ወረቀቱ ቀርቶ በታብሌት ይሁን ተብሏል። ለውጥ ያመጣል ትላላችሁ?» ነርስ፣ ከደሴ

ታብሌቱ ከመገዛቱ በፊት ያ 100 በመቶ ይመርመር። ማሕፀኗ የተተረተረ እናት በሌሊት በሩጫ የምትገባበት፣ መብራት የሚጠፋበት ክፍል ውስጥ ወር ሙሉ አንዲት ሳጥን ባዶ ሳትቀር ካለፈ፣ ወረቀቱ የሚሞላው ሥራው ካለቀ በኋላ ነው ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ታካሚው በሚነቃበት ክፍል (ሪከቨሪ) ተቁሞ፣ አንዳንዴም ቻርቱ ወደ ካርድ ክፍል ሊመለስ ሲል።

ቼክሊስቱ አይጠቅምም እያልን አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 ያወጣው ይህ ወረቀት በቶሮንቶ፣ በኒው ዴልሂ፣ በአማን፣ በኦክላንድ፣ በማኒላ፣ በታንዛንያዋ ኢፋካራ፣ በለንደንና በሲያትል በሚገኙ 8 ሆስፒታሎች ተሞክሮ ነበር። በ2009 ውጤቱ ሲወጣ ሞት ከ1.5 ወደ 0.8 በመቶ፣ ከኦፕሬሽን በኋላ የሚከተሉ ጉዳቶች ደግሞ ከ11 ወደ 7 በመቶ ወርደው ተገኙ። (ዓመቶቹን የጻፍነው በፈረንጅ ነው። ይህን መናገር ለምን እንዳስፈለገ ከሚቀጥለው ጥያቄ ይታያል።) በ2014 የወጣው የኦንታሪዮ ጥናት ግን 101 ሆስፒታሎችን አይቶ፣ ሞት ከ0.71 ወደ 0.65 በመቶ ብቻ መውረዱን፣ ይህም በአጋጣሚ ሊመጣ ከሚችል ልዩነት የማያልፍ መሆኑን አሳየ። ወረቀቱ ያው ነው። ኦንታሪዮ ላይ ትእዛዙ ከላይ ወረደ፤ መጠቀማቸውን የሚያሳውቁትም ሆስፒታሎቹ ራሳቸው ነበሩ። ያሳወቁት ቁጥር እንደ እናንተው 100 ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነበር።

ስለዚህ መጀመሪያ 10 ኦፕሬሽን በዓይን ይታይ። ተመልካቹ በዚያ ኦፕሬሽን ሥራ የሌለው ሰው ይሁን፤ ከ10ሩ ቢያንስ 3ቱ የሌሊት ወይም የእሑድ ይሁኑ። የሚያየው የወረቀቱን ምልክት አይደለም። ማደንዘዣ ከመሰጠቱ በፊት ታካሚው ራሱ ስሙንና የሚሠራለትን ነገር ተናገረ ወይስ ሌላ ሰው አነበበለት? ቆዳ ከመቀደዱ በፊት የሁሉም እጅ ቆመ ወይስ ሐኪሙ እየቀባ ነርሷ ለራሷ አነበበች? የፀረ ባክቴሪያው ሰዓት «ተሰጥቷል» ተብሎ ታለፈ ወይስ በደቂቃ ተጠራ? የዕቃው ጥቅል ውስጥ ያለው መምከኑን ጠቋሚ (ኢንዲኬተር) ታየ? ታካሚው ከመውጣቱ በፊት የጎዝ ቆጠራ በድምፅ ተነገረ? ከዚያ የእነዚያኑ 10 ታካሚዎች ቻርት ያውጡ። ቻርቱ 10 ከ10 ሲል ዓይን ያየው 4 ከሆነ፣ ከዛሬ ጀምሮ የምትከታተሉት ቁጥር 4 ነው። ታብሌት እዚህ ላይ ቢጨመር ያንኑ 10 በፍጥነት ከመላክ ሌላ አይሠራም።

በአገራችንም የተሠራ ነገር አለ። ላይፍቦክስ የተባለው ድርጅት «ክሊን ከት» በሚል ስም በ5 የኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ስድስት ነገሮችን አስተገበረ፦ የእጅና የቆዳ ዝግጅት፣ የጋዋንና የድሬፕ (ታካሚው ላይ የሚለብሰው የመከነ ጨርቅ) ንጽሕናና አለመቀደድ፣ የዕቃ ማምከን፣ የፀረ ባክቴሪያ ሰዓት፣ የጎዝ ቆጠራና ራሱ ቼክሊስቱ። የቁስል ኢንፌክሽን በ35 በመቶ ቀነሰ። አሠራሩ እያንዳንዷን እርምጃ ተከታትሎ መመዝገብ፣ የጎደለችበትን ቦታ ማግኘትና ያንን ቦታ ብቻ መጠገን ነው። ለምሳሌ ድሬፑ የሚቀደደው ልብስ ንጽሕና ክፍል ውስጥ ከሆነ ሐኪሙን ማሠልጠን ምንም አይፈይድም።

ታብሌቱ ግን የግድ ይገዛል ከተባለ አንድ ነገር ይጠይቁ፦ እያንዳንዱ ምልክት የተደረገበትን ሰዓት ራሱ ይመዝግብ፣ ያም ሰዓት እንዳይለወጥ ይቆለፍ። ቆዳ ከመቀደዱ በፊት ሁሉም ቆሞ ሊነበብ የሚገባው «ታይም አውት» ከተቀደደ ከ40 ደቂቃ በኋላ ቢሞላ ያን ጊዜ በግልጽ ይታያል። ጓንት ያላጠለቀው ሰው፣ ማለትም ሰርኩሌቲንግ ነርሷ፣ ጮክ ብላ ታንብብ። ጥያቄዎቹ በትልቁ ተጽፈው ግድግዳ ላይ ይለጠፉ፤ ይህኛው ብዙ ወጪ የለውም።

ስድስት ሰዓት የዘገየ መርፌ

«የጤና መረጃ ባለሙያ ነኝ። ፀረ ባክቴሪያው ቆዳ ከመቀደዱ በፊት ባሉት 60 ደቂቃዎች ውስጥ መሰጠቱን ከቻርት እያወጣሁ በኤክሴል አሰላለሁ። ከ84 ታካሚዎች በ19ኙ ላይ መድኃኒቱ ስድስት ሰዓት ያህል ቀድሞ ወይም ስድስት ሰዓት ያህል ዘግይቶ የተሰጠ ይመስላል። ነርሶቹ ‹ሐሰት ነው› ይላሉ። ማንን ልመን?» ከሐዋሳ

ነርሶቹን። ስድስት የምትለዋ ቁጥር ራሷ መስክራለች። ዋርድ ላይ ነርሷ «2፡50» ብላ በሐበሻ ጻፈች፤ የማደንዘዣ ባለሙያው የመቀደጃውን ሰዓት ከሞኒተሩ ወስዶ «09፡20» አለ። ኤክሴል 6 ሰዓት ከ30 ደቂቃ ይላል፤ እውነቱ 30 ደቂቃ ነው። ሁለቱ ቦታ ተለዋውጠው መርፌው በፈረንጅ መቀደዱ በሐበሻ ከተጻፈ ደግሞ መድኃኒቱ ከመቀደዱ አምስት ሰዓት ተኩል በኋላ የተሰጠ ይመስላል።

እዚህ ላይ ሁሉም የሚሳሳተው ስድስቱን በፎርሙላ መቀነስ ነው። አይቀንሱ። ቆዳ ሳይቀደድ ተረስቶ፣ በሽተኛው ዋርድ ከተመለሰ በኋላ በእውነት የተሰጠ መድኃኒትም ስላለ፣ ፎርሙላው እሱንም ያስተካክልና ጥፋቱን ይደብቀዋል። ልዩነቱ ከ5 እስከ 7 ሰዓት ሲሆን ረድፉ ቀለም እንዲቀይር ያድርጉና እነዚያን ቻርቶች ብቻ መልሰው ያውጡ። 19 ቻርት የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።

እኛን የሚያሳስበን ግን ሌላው ስሕተት ነው። የስድስት ሰዓት ልዩነት ይጮኻል፤ የ11 ደቂቃ ልዩነት ዝም ብሎ ያልፋል። የግድግዳው ሰዓት 11 ደቂቃ ወደ ኋላ ቀርቶ፣ ሞኒተሩ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ሰዓቱን ስቶ፣ የነርሷ ስልክ ትክክል ሆኖ ሦስቱ በአንድ ቻርት ላይ ይገናኛሉ። ከመቀደዱ 55 ደቂቃ በፊት የተሰጠው 66 ይሆንና «ያለጊዜው ቀድሟል» ይባላል፤ የዘገየውም «በሰዓቱ» ይባላል። ስለዚህ በየሳምንቱ ሰኞ ጠዋት አንድ የተመደበ ሰው በስልክ ኔትወርክ ሰዓት የግድግዳውን ሰዓት፣ ሞኒተሩን፣ የማደንዘዣ ማሽኑንና በእንፋሎት ማምከኛውን (አውቶክሌቩን) ያስተካክል። ሲያስተካክል ያገኘውን ልዩነት በደቂቃ ጽፎ ይፈርም። ልዩነቱ በየሳምንቱ የሚደጋገም ማሽን የውስጥ ባትሪው ሳይሞት አይቀርም። በቅጹ ላይ ደግሞ ከባዶ ቦታው ጎን «በፈረንጅ፣ 24 ሰዓት» ተብሎ ይታተም። በሐበሻ ቢሆን ለሠራተኛው እንደሚቀል እናውቃለን፤ ግን ማሽኖቹ የሚያትሙት በፈረንጅ ነውና አንዱ መሸነፍ አለበት።

ቀኑም ከሰዓቱ አይሻልም። የቁስል ኢንፌክሽን ክትትል እስከ 30ኛው ቀን ነው። የኛ ወር 30 ቀን ስለሆነ ጥቅምት 8 የተሠራ ሰው 30ኛ ቀኑ ኅዳር 8 ነው፤ ይህ ለሥራው የተፈጠረ አቆጣጠር ነው ማለት ይቻላል። ጳጉሜን ሲመጣ ግን ይፈርሳል፦ ነሐሴ 20 የተሠራ 30ኛ ቀኑ መስከረም 15 ነው፣ ጳጉሜን 6 በምትሆንበት ዓመት ደግሞ መስከረም 14። ኤክሴል በበኩሉ ወር 13ን አያውቅም፤ 30/2 ብለው ጥቅምት 30ን ቢያስገቡ የፌብሩዋሪ 30 መስሎት እንደ ጽሑፍ ይይዘዋል፣ ከስሌቱም ያወጣዋል። ቀን፣ ወርና ዓመትን በሦስት አምድ ለየብቻ ያስገቡ። ከዚያ ዓመቱን በ365 አባዝተው፣ ዓመቱን ለ4 ሲያካፍሉ የሚገኘውን ሙሉ ቁጥር ደምረው፣ ከወሩ አንድ ቀንሰው በ30 ያባዙትን ጨምረው፣ በመጨረሻ ቀኑን ይደምሩ። የሁለት ቀናት ልዩነት በዚህ ቁጥር ሲሰላ ጳጉሜንን ራሱ ያርማል።

ሳንረሳው፦ ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሀይ፣ ጸሃይ ለኮምፒዩተር አራት ሰዎች ናቸው። ታካሚ በስም አይፈለግ፤ በካርድ ቁጥር ይፈለግ፣ ስም ከነአያት ለማረጋገጫ ይሁን።

ኢንፌክሽን ቀነሰ ብለን ሪፖርት አደረግን

«ባለፈው ወር 150 ኦፕሬሽን ሠርተን 15 ኢንፌክሽን ነበረን፣ 10 በመቶ። በዚህ ወር 180 ሠርተን 14፣ ማለትም 7.8 በመቶ። አንድ ባልደረባዬ ‹አልቀነሰም› ብሎ ተከራከረኝ። በስልክ ያገኘናቸው ባለፈው ወር 140፣ በዚህ ወር 120 ናቸው።» የጥራት ክፍል ባለሙያ፣ ከጎንደር

ባልደረባዎ ልክ ነው። ያልደወሉለት ሰው ዳነ ተብሎ አይቆጠርም። 15 ለ140 ሲካፈል 10.7 በመቶ፣ 14 ለ120 ደግሞ 11.7 በመቶ ነው። ማካፈያው በ30ኛው ቀን ሁኔታው የታወቀለት ሰው ብቻ ይሁን፣ ከጎኑም «ካልተገኙት ጋር» ተብሎ ሁለተኛው ቁጥር ይጻፍ። ያልተገኙት ከሩብ በላይ ከሆኑ ኢንፌክሽኑን ከመከታተል በፊት ስልክ ቁጥሩን ይከታተሉ፤ ብዙ ጊዜ ችግሩ ታካሚው ያስመዘገበው የራሱን ሳይሆን ያመጣውን ጎረቤት ቁጥር መሆኑ ነው። ሲገባ ሁለት ቁጥር ይወሰድ፣ አንዱ እዚያው ይደወልለት።

ደግሞም ሁለት ወር አይወዳደርም። የ12 ወር ነጥቦችን በመስመር ያስቀምጡና መካከለኛውን ቁጥር ያስምሩበት። ስድስት ነጥቦች በተከታታይ ከመስመሩ በታች ከዋሉ፣ ወይም አምስት በተከታታይ ከወረዱ፣ ያን ጊዜ አንድ ነገር ተለውጧል። ከዚያ በፊት ያለው ከፍ ዝቅ የየወሩ ወግ ነው።

እንሶስላ የሞቀች ታካሚ

«ገጠር ካሉ ወረዳዎች የሚመጡ እናቶች ጣታቸው በእንሶስላ ወይም በሂና ቀልቶ ይመጣሉ። የደም ኦክስጅን የሚለካው ፐልስ ኦክሲሜትር አንዳንዴ አያነብም፣ አንዳንዴ 88 ይላል፣ እናትየዋ ግን እየሳቀች ታወራለች። ምን ላምን? በትንፋሽ የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚለካው ካፕኖግራፍ ይገዛልን ብንልስ?» የማደንዘዣ ባለሙያ፣ ከደብረ ማርቆስ

መሣሪያው በጣት ውስጥ ሁለት ብርሃን ያሳልፋል፣ ቀይ በ660 እና ኢንፍራሬድ በ940 ናኖሜትር፤ ደሙ ከሁለቱ የቱን ምን ያህል እንደዋጠ አወዳድሮ ያሰላል። ጥፍር ላይ ያለ ቀለምም ብርሃን ስለሚውጥ ስሌቱ ይዛባል። የእግር ጣት መፍትሔ አይሆንም፣ እሱም ሞቋልና። የጆሮ ጫፍ ይሞክሩ፤ ለጆሮ የተሠራ ፕሮብ (መቆንጠጫ) ከሌለ የጣቱን ፕሮብ በጥፍሩ ሳይሆን በጣቱ ጎንና ጎን አዙረው ያድርጉት። የቀዘቀዘ እጅ በጨርቅ ይሙቅ። የደም ግፊት መለኪያው በሌላው ክንድ ይሁን፤ በነፋ ቁጥር ምልክቱን ያጠፋዋል። ከሁሉ በፊት ግን ከቁጥሩ ቀድመው ሞገዱን ይመልከቱ። ሞገዱ የተቆራረጠ ከሆነ 88ም 98ም ዋጋ የለውም።

ሌላም መታወቅ ያለበት አለ። በ2020 ከሚሺጋን የወጣ ጥናት መሣሪያው ከ92 እስከ 96 ባሳየባቸው ታካሚዎች ላይ የደም ምርመራ ሲደረግ፣ እውነተኛው ከ88 በታች ሆኖ የተገኘባቸው ከነጮቹ 3.6 በመቶ፣ ከጥቁሮቹ 11.7 በመቶ ነበሩ። ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ መሣሪያው አሳምሮ የመናገር ዝንባሌ አለው። 92ን እንደ 92 አይቀበሉት፤ ከመተኛቷ በፊት ያነበበውን ጽፈው ከዚያ ምን ያህል እንደወረደ ይከታተሉ።

የካፕኖግራፍ ጥያቄዎ ትክክል ነው፤ ለአስተዳደሩ የሚሉትም ይኸው፦ ኦክስጅን በደንብ የጠገበች ታካሚ የመተንፈሻ ቱቦው ወደ ምግብ ቧንቧ ቢገባባት ኦክሲሜትሩ ለደቂቃዎች 98 ሊል ይችላል። ካፕኖግራፉ ግን በጥቂት ትንፋሽ ውስጥ ሞገድ የለም ይላል። የተለመደው የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን ከ35 እስከ 45 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። ሞገድ ከጠፋ ሌላ ነገር እስኪረጋገጥ ድረስ ቱቦው ቦታው ላይ የለም። የናሙና ቱቦዋ ተጣጥፋ ወይም ውሃ ይዛ ውሸት እንዳትናገር ሥራ ከመጀመሩ በፊት ራስዎ ይተንፍሱባትና ሞገዱ መምጣቱን ይዩ።

ድምፅን በተመለከተ፣ ኦክስጅን ሲወርድ የልብ ምቱ ድምፅ አብሮ እየወፈረ ይሄዳል። ማንም ስክሪኑን ሳያይ የሚሰማው ማስጠንቀቂያ ይኸው ነው። ሬዲዮ እንዲሰማ ተብሎ እሱ የሚቀነስበት ክፍል ካለ፣ ሬዲዮው ይውጣ። የማንቂያውንም ዝቅተኛ ወሰን በየጠዋቱ ይፈትሹ፤ 85 ላይ ተቀምጦ ከተገኘ ወደ 90 ይመልሱት።

ቴፑ ጠቁሯል፣ ዕቃው ግን መክኗል?

«የማምከኛ ክፍል ሠራተኛ ነኝ። አውቶክሌቫችን በእጅ የሚሠራ፣ የግፊት መርፌ ብቻ ያለው ነው። መመሪያው 15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ላይ ይላል። ጥቅሉ ላይ የሚለጠፈው ቴፕ ሁልጊዜ ይጠቁራል። ሐኪሞቹ ግን ዕቃው ላይ ጥርጣሬ አላቸው።» ከደብረ ብርሃን

ጥርጣሬያቸው መሠረት አለው፤ ጥፋቱ ግን የእርስዎ አይደለም። መመሪያው የተጻፈው ለባሕር ጠረፍ ነው። ተሕዋስያንን የሚገድለው ሙቀቱ እንጂ ግፊቱ አይደለም፤ ሙሌት እንፋሎት 121 ዲግሪ የሚደርሰው ጠቅላላ ግፊቱ 205 ኪሎ ፓስካል ገደማ ሲሆን ነው። የግፊት መርፌው የሚያሳየው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ብቻ ነው። ባሕር ጠረፍ ላይ የውጭው አየር 101 ስለሆነ 15 ፒኤስአይ ይበቃል። ደብረ ብርሃን በ2,800 ሜትር ገደማ ላይ የውጭው አየር ወደ 72 ይወርዳል። ስለዚህ 15 ፒኤስአይ ላይ ውስጡ 116 ዲግሪ አካባቢ ነው ያለው። አምስት ዲግሪ ትንሽ ይመስላል፤ የመግደል ፍጥነቱን ግን ወደ አንድ ሦስተኛ ያወርደዋል። እናንተ ዘንድ 121 ለመድረስ 19 ፒኤስአይ ተኩል ያህል፣ አዲስ አበባ ደግሞ 19 ሊሞላ ጥቂት የጎደለው ያስፈልጋል። ግፊቱን ከመጨመር በፊት ግን የባዮሜዲካል ባለሙያው የማሽኑ ወሰንና የደህንነት ቫልቩ ያንን እንደሚችሉ ያረጋግጥ። ካልቻሉ የሚጨመረው ጊዜው ነው፣ ጊዜውም በግምት ሳይሆን በምርመራ ይወሰናል።

ቴፑ የሚለው «እሳት ነክቶኛል» ብቻ ነው። የሚበቃ ሙቀት ለሚበቃ ጊዜ ማግኘቱን አይነግርም። እሱን የሚናገረው ክፍል 5 የሚባለው ኢንዲኬተር ነው፤ በትልቁ ጥቅል መሐል ይቀመጥ። በሳምንት አንድ ጊዜ ደግሞ የጂኦባሲለስ ስፖር ያለባት ብልቃጥ ከጭነቱ ጋር ትግባ፣ ሌላ ያልገባች ለማወዳደሪያ ትቀመጥ። ከተቻለም እስከ 140 ዲግሪ የሚችል የሙቀት መዝጋቢ ይገዛ፤ ከጭነቱ ጋር ገብቶ በየደቂቃው የሚጽፍ ትንሽ ዕቃ ነው። መጀመሪያ ታችኛው የውሃ መውጫ አጠገብ ያስቀምጡት፣ አየር ሳይወጣ የሚቀረው እዚያ ነውና። ጨርቅ የሚመክንበት ድራም ሲገባ ቀዳዳዎቹ ክፍት መሆናቸውን፣ ጨርቁም እጅ እስኪያስገባ ልል መሆኑን ይዩ። ታጭቆ የገባ ድራም መሐሉ ቀዝቃዛ ነው፤ እርጥብ ሆኖ የወጣ ጥቅልም እንደገና ይገባል እንጂ ፀሐይ ላይ አይሰጣም።

ጎዝ የሚቆጥር ማሽን እንግዛ?

ይህ ጥያቄ ከሦስት አንባቢዎች መጣ። ባርኮድ ወይም የሬዲዮ ምልክት ያለው ጎዝ ጥሩ ነው፣ ዋጋውም ጥሩ ነው። አስቀድሞ ግን ይህ ይታወቅ፦ በ2003 በአሜሪካ በወጣ ጥናት፣ ሰውነታቸው ውስጥ ዕቃ ከተረሳባቸውና ቆጠራ ከተደረገላቸው ታካሚዎች በ88 በመቶው ላይ ቆጠራው «ልክ ነው» ተብሎ ተጽፎ ነበር። አደጋው በድንገተኛ ኦፕሬሽን ዘጠኝ እጥፍ፣ ዕቅዱ በመሐል ሲለወጥ አራት እጥፍ ነበር። ሁለት ሰው እያየና እየተናገረ ይቁጠር፤ ከመጀመሩ በፊት፣ የሆድ ዕቃ ከመዘጋቱ በፊት፣ ቆዳ ሲዘጋ። ኤክስሬይ ላይ የሚታይ ክር የሌለው ጎዝ ሆድ ውስጥ አይግባ። ጎዝ ለሁለት ተቆርጦ አይሠራበት፤ አምስት የነበረው ስድስት የሚሆነው እንዲህ ነው።

ካሜራ ያለበት ኦፕሬሽን ክፍል

«እናቴ ልትሠራ ነው። የሰጡን ወረቀት ክፍሉ ውስጥ ‹ብላክ ቦክስ› እንዳለ ይናገራል። እናቴ ‹እርቃኔን ሊቀርጹኝ ነው› ብላ እምቢ ብላለች።» ከቶሮንቶ

እናትዎ የጠየቁት የሚገባ ነው፤ በቁጣ ሳይሆን በማስረዳት ይመልሱላቸው። ቴክኖሎጂው የተጀመረው እዚያው ቶሮንቶ፣ ዶክተር ቴዎዶር ግራንቻሮቭ በቅዱስ ሚካኤል ሆስፒታል ባስጀመሩት ሥራ ነው። እንደ አውሮፕላኑ መቅጃ የክፍሉን ምስልና ድምፅ፣ የሆድ ውስጥ ካሜራውንና የሞኒተሩን ቁጥሮች በአንድ ሰዓት ላይ ያስተሳስራል። ፊትና ድምፅ እንዳይለይ ተደርጎ ይደበቃል። የሚታየው ማን አጠፋ ሳይሆን ምን አደናቀፈ ነው። የመጀመሪያው ዓመት ውጤት በ2020 ሲወጣ፣ በ132 ታካሚዎች ላይ በአንድ ኦፕሬሽን ውስጥ ሥራ የሚያውክ ድምፅ በመካከለኛ ቁጥር 138 ጊዜ ተሰምቷል። ይህን ማንም ሐኪም ቢጠየቅ አይገምተውም።

ሆስፒታሉን ይጠይቁ፦ ጥሬው ቪዲዮ የሚጠፋው ከስንት ቀን በኋላ ነው? የሚያዩት እነማን ናቸው? የእናቴ የሕክምና መዝገብ ውስጥ ይገባል? እምቢ ማለት ይቻላል? እምቢ ቢሉስ ቀጠሮው ይራዘማል? መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉ።

አገር ቤት ላሉ ባለሙያዎች በዚሁ አጋጣሚ፦ ካሜራው ባይኖርም በር ስንት ጊዜ እንደተከፈተ አንድ ተማሪ ወረቀት ይዞ በመስመር መቁጠር ይችላል። ለምን እንደተከፈተ ከጎኑ ይጻፍ። «ክር ለማምጣት» የሚለው ከበዛ ችግሩ ጠዋት ዕቃ ሲዘጋጅ ነው ያለው።

አባቴን ለማስገባት

«አባቴ በሚቀጥለው ሳምንት የቡአ ኦፕሬሽን አለባቸው። እኛ ቤተሰቦች ምን ማድረግ እንችላለን?» ከባሕር ዳር

ስማቸውን ከነአያታቸው፣ የካርድ ቁጥራቸውንና የሚሠራው ቀኝ ይሁን ግራ እሳቸው ራሳቸው ለጠያቂ ሁሉ ይናገሩ፤ ደጋግመው ቢጠየቁ አይሰልቹ፣ ሥራው እንዲህ ነው። ጎኑ ላይ እሳቸው ነቅተው ሳሉ በእስክሪፕቶ ምልክት ይደረግ። ያልተስማማቸው መድኃኒት፣ የሚነቃነቅ ጥርስና በየቀኑ የሚወስዱት ኪኒን ለማደንዘዣ ባለሙያው ይነገር።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀን ይበልጣል። በ2018 በወጣው የአፍሪካ ጥናት በ25 አገሮች ከ11 ሺህ በላይ ታካሚዎች ታይተው፣ ከሞቱት 94 በመቶው የሞቱት ከኦፕሬሽኑ ቀን በኋላ፣ ማለትም አብዛኛው ሰው «ወጣልን» ባለበት ጊዜ ነው። የመጀመሪያውን ሌሊት ማን እንደሚያያቸው፣ ግፊትና ትንፋሻቸው በስንት ሰዓት አንዴ እንደሚለካ ይጠይቁ። ትንፋሽ ከፈጠነ፣ ሽንት ካልወጣ፣ ወይም ቤተሰብ ሲጠራቸው ግራ ከገባቸው ጠዋትን አትጠብቁ፤ ተረኛው ይጠራ። ቤት ከገቡ በኋላ ቁስሉ ከቀላ፣ ከሞቀ፣ መግል ካወጣ ወይም ትኩሳት ከመጣ ወደሠራቸው ሆስፒታል ይመለሱ እንጂ ከጎረቤት ፋርማሲ ፀረ ባክቴሪያ ገዝታችሁ አትስጡ፤ እንዲህ ሲሆን ኢንፌክሽኑ ከሆስፒታሉ ቁጥር ውስጥም ሳይገባ ይቀራል። ለካርድ ክፍሉ የእሳቸውንና የእርስዎን ስልክ ሁለቱንም ያስመዝግቡ። በወሩ ከሆስፒታል ከተደወለ ያንሱ፤ ካልተደወለ እርስዎ ይደውሉና ቁስላቸው ምን እንደሆነ ያስጽፉ።